የአብርሃም መጽሐፍ፣ የግብጽ ፓፒረስ እና ለጥቁሮች የተዘጋው ክህነት

የአብዛኞቹ ቅዱሳት መጻሕፍት የመጀመሪያ ጽሑፍ ዛሬ የለም። ሙሴ የጻፈው በማንም እጅ አይገኝም። ጳውሎስ በእጁ የፈረመበት መልእክትም ጠፍቷል። ስለዚህ አማኙም ተጠራጣሪውም የሚከራከሩት በቅጂ ቅጂ ላይ ነው። ከሞርሞኖች መጻሕፍት አንዱ ግን ከዚህ ይለያል። ነቢያቸው "ከዚህ ተረጎምኩት" ካለው የግብጽ ፓፒረስ (ከደንገል የተሠራ የጥንት ወረቀት) የተረፉ ቁራጮች ዛሬም አሉ። ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ፣ በራሷ በቤተክርስቲያኒቱ መዛግብት ቤት ተቀምጠዋል። የጥንት ግብጽን ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ሊያነባቸው ይችላል። ተነብበዋልም።

መጽሐፉ የአብርሃም መጽሐፍ ይባላል። አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል። ግን ሁለት ከባድ ጥያቄ አስነስቷል። አንደኛው የሊቃውንት ጥያቄ ነው። ፓፒረሱ ላይ ያለው ሌላ ነገር ከሆነ፣ መጽሐፉ ከየት መጣ? ሁለተኛው የሰው ሕይወት ጥያቄ ነው። የዚሁ መጽሐፍ ጥቂት ቁጥሮች ጥቁር ሰው ክህነት እንዳይቀበል ማስረጃ ሆነው ሲጠቀሱ ኖረዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ወረቀት ፈጅቷል። እኔ ግን የሚከብደው ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ፤ ቤተክርስቲያኒቱም ገና መልሳ ያልጨረሰችው እሱን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሙሉ ስሟ "የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን" ነው። በ2018 የወቅቱ ፕሬዚዳንቷ ራስል ኔልሰን "ሞርሞን" የሚለው መጠሪያ ቀርቶ ሙሉ ስሟ እንዲጠራ አጥብቀው ጠይቀዋል። እዚህ አንዳንዴ አጭሩን የምጠቀመው ለንባብ እንዲቀል ብቻ ነው። መሥራቿ ጆሴፍ ስሚዝ በ1805 ቬርሞንት ውስጥ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። በ1830 መጽሐፈ ሞርሞንን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ቤተክርስቲያኒቱን መሠረተ። መጽሐፈ ሞርሞን መልአክ ካሳየው የወርቅ ሰሌዳዎች የተተረጎመ መሆኑን ተናግሯል። ሰሌዳዎቹን ግን መልአኩ መልሶ ወሰዳቸው። ሊመረመሩ አይችሉም።

ለሞርሞኖች የእግዚአብሔር ቃል ገና አልተዘጋም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፈ ሞርሞን፣ ትምህርትና ቃል ኪዳኖች እና የታላቅ ዋጋ ዕንቁ የሚባሉ መጻሕፍት አሏቸው። የአብርሃም መጽሐፍ ያለው በመጨረሻው ውስጥ ነው። ሰማንያ አሃዱ መጽሐፍ ይዞ ላደገ ኢትዮጵያዊ፣ የቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር በሁሉም ክርስቲያን ዘንድ አንድ አለመሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ነው። እኛ ሄኖክንና ኩፋሌን የወረስነው ከጥንት ነው። የእነሱ ተጨማሪ መጻሕፍት ግን ጋዜጣና ማተሚያ ቤት ባለበት ዘመን፣ ምስክሮች እያዩ፣ ጸሐፊዎች እየከተቡ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ሂደቱ ከሞላ ጎደል በሰነድ ሊታይ ይችላል። የሞርሞን ጥናት ለሃይማኖት ተመራማሪዎች የሚጣፍጠውም በዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጁላይ 1835 ነው። ማይክል ቻንድለር የሚባል ሰው አራት ሙሚዎች (እንዳይፈርሱ ተደርገው የደረቁ የጥንት አስከሬኖች) እና የፓፒረስ ጥቅልሎች ይዞ ኦሃዮ ውስጥ ከርትላንድ የምትባል ከተማ ገባ። ሙሚዎቹን ከግብጽ ቴብስ ያወጣቸው አንቶኒዮ ሌቦሎ የተባለ ጣሊያናዊ ነበር። ቻንድለር ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሕዝብ ያሳያቸዋል። ጆሴፍ ስሚዝ ጥቅልሎቹን አየና አንዱ የአብርሃም፣ ሌላው የዮሴፍ ጽሑፍ ነው አለ። 2,400 ዶላር ተዋጥቶ ተገዛ። በዚያን ጊዜ ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። ማኅበሩ ደግሞ ቤተ መቅደስ እየሠራ ዕዳ ውስጥ ነበር። ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን የግብጽን ጽሕፈት ምሥጢር የፈታው በ1822 ቢሆንም፣ ዕውቀቱ ገና ወደ አሜሪካ ገጠር አልደረሰም።

መጽሐፉ በ1842 በቤተክርስቲያኒቱ ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። ከጥቅልሎቹ የተቀዱ ሦስት ሥዕሎችም አብረው ታተሙ። በመጀመሪያው ሥዕል አንድ ሰው አልጋ መሰል ነገር ላይ ተጋድሟል፣ ሌላው አጠገቡ ቆሟል። የጆሴፍ ስሚዝ ማብራሪያ እንደሚለው የተጋደመው አብርሃም ነው፤ የቆመው ሊሠዋው የተዘጋጀ የጣዖት ካህን ነው።

በ1844 ጆሴፍ ስሚዝ ኢሊኖይ ውስጥ ካርቴጅ እስር ቤት ሳለ፣ የታጠቁ ሰዎች ገብተው ገደሉት። ብሪገም ያንግ አብዛኛውን ምእመን እየመራ ወደ ዩታ ሄደ። ፓፒረሱ ግን ከቤተሰቡ ጋር ቀረ። በ1856 ተሸጠ። ከፊሉ ቺካጎ ሙዚየም ገባና ከተማዋ በ1871 ስትቃጠል አብሮ ነደደ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደጠፋ ታመነ።

ግን የተረፈ ነበር፤ ያገኙት ሰው ማንነት ይገርመኛል። ዶክተር አዚዝ አቲያ የቅብጥ ኦርቶዶክስ ክርስቲያንና የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሊቅ ነበሩ። ያስተምሩ የነበረው በዩታ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1966 ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለሌላ ጥናት ሰነድ ሲያገላብጡ አንድ ሥዕል ዓይናቸው ውስጥ ገባ። በሞርሞኖች መጽሐፍ ላይ የሚያውቁት ሥዕል ነው። አብሮትም የ1856ቱ የሽያጭ ደብዳቤ ተገኘ። በኖቬምበር 1967 ሙዚየሙ ቁራጮቹን ለቤተክርስቲያኒቱ አስረከበ።

በዓመቱ እንደ ክላውስ ቤር ያሉ የጥንት ግብጽ ሊቃውንት ንባባቸውን አወጡ። በጽሑፉ ውስጥ አብርሃም የለም። ሥዕሉ ያለበት ጥቅልል የሙታን ጸሎት ነው። በዘርፉ "የእስትንፋስ መጽሐፍ" ይሉታል። ሟቹ በወዲያኛው ዓለም እንዲተነፍስና እንዲኖር ከአስከሬኑ ጋር ይቀበር ነበር። ባለቤቱ ሆር የሚባል የቴብስ ካህን ነው። የኖረውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት አካባቢ ነው፤ አብርሃም ኖረ ከሚባልበት ዘመን ከ1,500 ዓመት በላይ ዘግይቶ። የተጋደመው የግብጽ አምላክ ኦሳይረስ ነው። የቆመው ደግሞ በቀበሮ ራስ የሚሣለው አኑቢስ ነው። በፓፒረሱ ላይ የአኑቢስ ራስ ያለበት ቦታ ተቀዶ ጠፍቷል። በ1842ቱ ህትመት ላይ በሰው ራስ ተሞልቷል።

ይህ ለሞርሞን አማኝ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ማቃለል አልፈልግም። መጽሐፉ በ1880 በይፋ ከቅዱሳት መጻሕፍት ተቆጥሯል። ትውልድ በሙሉ ስለ ፍጥረት፣ ነፍስ ከመወለዷ በፊት ስለነበራት ሕይወትና ስለ አማልክት ሸንጎ የተማረው ከሱ ነው። ለእግዚአብሔር ዙፋን ቅርብ የሆነችው ኮሎብ የምትባል ኮከብ የመጣችውም ከዚሁ መጽሐፍ ነው። መዝሙር ወጥቶላታል። እንዲህ ያለውን ነገር "ስህተት ነበር" ብሎ ከሕይወት ቆርጦ መጣል ለማንም ቀላል አይደለም።

አማኝ ምሁራኑ የሰጡት መልስ በጊዜ ብዛት ተለዋውጧል። በመጀመሪያ ሂዩ ኒብሊ የሚባሉ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ብዙ ጻፉ። የሳቸው መንገድ ከፓፒረሱ ይልቅ የታሪኩን ይዘት ከጥንት ወጎች ጋር ማመሳከር ነበር። ለምሳሌ በአብርሃም መጽሐፍ ውስጥ የአብርሃም አባት ወደ ጣዖት ያዘነብላል። አብርሃም ጣዖትን ስለተቃወመ ሊገደል ይደርሳል። በአገሩም ረሃብ ይገባል። ዘፍጥረት ይህን አይናገርም። ኩፋሌን ያነበበ ሰው ግን ጆሮው ይቆማል፤ እዚያም አብርሃም ከአባቱ ጋር በጣዖት ይከራከራል፣ የጣዖቱን ቤት ያቃጥላል፣ አዝመራን የሚያጠፉ ቁራዎችንም ያባርራል። ኩፋሌ በሙሉ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ የወጣውም ጆሴፍ ስሚዝ ከሞተ በኋላ ነው።

ተመሳሳይነቱ እውነት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ግን ማስረጃ ሆኖ አይበቃም። አብርሃም ከጣዖት አምላኪዎች ጋር መጣላቱ በአይሁድ ትውፊት ሁሉ የተበተነ ወሬ ነው። አብርሃም ለግብጻውያን የከዋክብት ዕውቀት አስተማረ የሚለውም በታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ሳይሆን በአንደኛው ክፍለ ዘመን በነበረው በፍላቪየስ ዮሴፍ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ እሱ ደግሞ በአሜሪካ በየቤቱ ይነበብ ነበር።

ሁለተኛው መልስ "ያልተገኘ ጥቅልል አለ" የሚል ነው። የተረፈው ጥቂት ነው፣ የአብርሃም ጽሑፍ በተቃጠለው ክፍል ነበር ይላል። ጆን ጊ የተባሉት አማኝ የግብጽ ሊቅ ጥቅልሉ በጣም ረጅም እንደነበር በስሌት ተከራክረዋል። አንድሩ ኩክና ክሪስቶፈር ስሚዝ ደግሞ በ2010 የጥቅልሉን ዙሮች ለክተው፣ የጎደለው ከግማሽ ሜትር ብዙም የማይበልጥ መሆኑን ጻፉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጆሴፍ ስሚዝና ጸሐፊዎቹ የተዉአቸው የትርጉም ወረቀቶች አሉ። በወረቀቶቹ ኅዳግ ላይ የተቀዱት የግብጽ ፊደላት ዛሬ በእጅ ካለው ቁራጭ የተወሰዱ ናቸው። ያ ቁራጭ ደግሞ የሆር የእስትንፋስ መጽሐፍ ክፍል ነው። ከሠሩት ሰዎች ብዕር የወጣን ነገር "ሌላ ጥቅልል ነበር" በሚል ግምት ማለፍ ይከብዳል። ብራያን ሃውግሊድ የሚባሉ ምሁር ለዓመታት ከተከላካዮቹ ወገን ነበሩ። ወረቀቶቹን ከሮቢን ጄንሰን ጋር ሆነው ለህትመት አዘጋጁ። መጽሐፉ በ2018 በወጣ ጊዜ የቀድሞ አቋማቸውን መተዋቸውን በአደባባይ ተናገሩ።

ሦስተኛው መልስ ፓፒረሱን እንደ መቀስቀሻ ያየዋል። ጆሴፍ ስሚዝ ያየው የግብጽ ጽሑፍ አሳቡን አነሳሳው፤ ቃሉ ግን የመጣለት በራእይ ነው ይላል። በ2014 ቤተክርስቲያኒቱ በይፋዊ ድረ ገጿ ባወጣችው ጽሑፍ ላይ የተረፉት ቁራጮች ስለ አብርሃም እንደማይናገሩ፣ በዚህም አማኝም ሆኑ ያልሆኑ ሊቃውንት እንደሚስማሙ አምናለች። ከዚያም የጠፋውን ጥቅልልና መቀስቀሻውን ሁለቱንም እንደ አማራጭ አቀረበች። በ2013ቱ የቅዱሳት መጻሕፍቱ እትም የአብርሃም መጽሐፍ የመግቢያ ቃልም ተለውጧል። ድሮ "ከግብጽ ፓፒረሶች የተደረገ ትርጉም" ይል ነበር። አሁን በመንፈስ የተመራ የአብርሃም ጽሑፎች ትርጉም ሆነና ፓፒረሶቹ ወደ ጎን ተገፉ። ይህን የመግቢያ ለውጥ አንባቢ ያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ እርምጃ በድንገት አልመጣም። ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አሉበት። በ1970ዎቹ የታሪክ ክፍሉን የመሩት ሌናርድ አሪንግተን መዛግብቱን ለተመራማሪዎች ከፈቱ፤ በኋላ በሩ ጠበበ። በሴፕቴምበር 1993 ስድስት ጸሐፊዎችና ምሁራን በአንድ ወር ውስጥ ተቀጡ። ከነሱ አምስቱ ተወገዙ፤ የታሪክ ተመራማሪው ማይክል ኩዊን አንዱ ናቸው። ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። ወጣቱ የፓፒረሱን ነገር ከሰንበት ትምህርት ቤት ሳይሆን ከስልኩ መስማት ጀመረ። ብዙዎች የጎዳቸው ታሪኩ ራሱ ብቻ አልነበረም። "ለምን ደበቃችሁን?" የሚለው ነበር። ጆሴፍ ስሚዝ የጻፋቸውንና ያስጻፋቸውን ሰነዶች የማሳተም ሥራ በ2023 በ27 ቅጽ ተጠናቋል። ሥራው የቤተክርስቲያኒቱ የራሷ ነው። እንዲህ ያለ ግልጽነት በስንት የሃይማኖት ተቋም ይገኛል? እኔ ከልቤ አደንቀዋለሁ።

አሁን ወደ ሄኖክ ልሂድ፤ ነገሩ የእኛን ቤት ስለሚነካ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ከኢትዮጵያ ያመጣቸውን የመጽሐፈ ሄኖክ የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ገባ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። በ1830 መጨረሻ ደግሞ ጆሴፍ ስሚዝ ስለ ሄኖክ ራእይ ረጅም ጽሑፍ አወጣ፤ ዛሬ በታላቅ ዋጋ ዕንቁ ውስጥ ባለው፣ የሙሴ መጽሐፍ በሚባለው ክፍል ስድስተኛና ሰባተኛ ምዕራፍ ይገኛል። ሄኖክ ወደ ላይ ይወሰዳል፣ የሚመጣውን ያያል፣ "የሰው ልጅ" የሚለውን ስም ይሰማል። እነዚህ ሁሉ በግዕዙ ውስጥ አሉ። ኒብሊ በ1970ዎቹ ተመሳሳይነቱን አጉልተው ጻፉ። በሙሴ መጽሐፍ ያለውን ማሒያ የሚለውን ስምም በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ ከተገኘው አራማይክ ጽሑፍ ማሃዋይ ጋር አያያዙት። ተቺዎች ደግሞ ዘፍጥረት 4፥18 ላይ የሚቀራረብ ስም አለ፣ የሎረንስ ትርጉምም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወጥቶ ነበር ይላሉ። ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 ያንን መጽሐፍ በእጁ መያዙን የሚያሳይ ሰነድ ግን የለም።

ግዕዙን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቃውንቶቻችን በዚህ ክርክር ውስጥ ቢገቡ እወዳለሁ። መመሳሰሉን ብቻ ሳይሆን ልዩነቱንም ከማንም በላይ ማየት የሚችሉ እነሱ ናቸውና። አንዱን ልዩነት እኔ ላንሳ። በእኛ ሄኖክ 90ኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ራእዩን አይቶ የሚያለቅሰው ሄኖክ ራሱ ነው። በሙሴ መጽሐፍ ውስጥ ግን የሚያለቅሰው እግዚአብሔር ነው። ሄኖክ ደንግጦ ይጠይቃል፦ ቅዱስ ሆነህ፣ ዘላለማዊ ሆነህ እንዴት ታለቅሳለህ? መልሱ የሰው ልጆች የገዛ ደማቸውን መጥላታቸው ነው። ሞርሞን ያልሆኑ የሃይማኖት ምሁራን ሳይቀሩ ይህን ምዕራፍ ያከብሩታል። የሚያዝን፣ የሚጎዳ አምላክ ይታይበታል። የመጽሐፉን ምንጭ በሚመለከት ጥያቄ ያለኝ እኔም ስደርስበት ቆም እላለሁ።

ያው ምዕራፍ ግን ሌላም ነገር ይዟል። የከነዓን ልጆች ጠቆሩ፣ የቃየን ዘርም ጥቁር ነበር ይላል። የአብርሃም መጽሐፍ አንደኛ ምዕራፍ ደግሞ ፈርዖን ከካም ዘር መሆኑንና ያ ዘር በክህነት ረገድ የተረገመ መሆኑን ይናገራል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ የከፋ ነገር ወጣባቸው።

በሞርሞኖች ዘንድ ክህነት የጥቂቶች ሥልጣን አይደለም። ከአሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ጀምሮ እያንዳንዱ ታማኝ ወንድ ይቀበለዋል። ክህነት የሌለው ሰው በቤተ መቅደስ የሚፈጸሙትን ዋና ሥርዓቶች አያገኝም፤ ሚስቱን ለዘላለም አያትምም፤ ማተም የሚሉት ከሞት በኋላም የሚዘልቅ ትስስር የሚፈጥረውን ሥርዓት ነው። ስለዚህ ክልከላው ሰውየውንም ሚስቱንም ልጆቹንም ከመዳን ሥርዓት እምብርት ያርቃቸዋል።

በጆሴፍ ስሚዝ ዘመን እንዲህ አልነበረም። ኢላይጃ ኤብል የሚባል ጥቁር ሰው በ1836 ክህነት ተቀብሏል። በ1852 ግን ብሪገም ያንግ በዩታ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ፊት የአፍሪካ ዘር ያለው ሰው ክህነት ሊይዝ አይችልም አለ። ያው ጉባኤ በግዛቱ ባርነትን የሚፈቅድ ሕግ አጽድቋል። ያንግ ያነሳው የቃየንን እርግማን ነበር። የአብርሃም መጽሐፍ ቁጥሮች ዋና ማስረጃ የሆኑት በኋላ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ክልከላው ቀድሞ መጣ፣ ጥቅሱ ተከተለው። ሰዎች መጀመሪያ ወሰኑ፣ ቀጥለው ጥቅስ ፈለጉ።

ጄን ማኒንግ ጄምስ ማን እንደነበረች ብዙ ሰው ቢያውቅ ደስ ይለኛል። በኮነቲከት የተወለደች ነፃ ጥቁር ሴት ናት። በ1843 ከቤተሰቦቿ ጋር ሞርሞኖች ወደሚኖሩባት የኢሊኖይ ከተማ ናቩ ስትጓዝ ጥቁሮች ስለሆኑ ጀልባ ከለከሏቸው። ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ሄዱ። ጫማቸው አልቆ እግራቸው እየደማ። ጄን በጆሴፍ ስሚዝ ቤት ሠራች፣ ከዚያ ወደ ዩታ ከቀደሙት ጋር ተጓዘች። ለዓመታት የቤተ መቅደስ ሥርዓት እንዲፈጸምላት ለመሪዎች ደጋግማ ለመነች። በ1894 የተሰጣት መልስ ለጆሴፍ ስሚዝ ቤተሰብ በአገልጋይነት መታተም ነበር። በሥርዓቱ ላይ እንኳ እንድትገኝ አልተፈቀደላትም፤ ሌላ ሴት ተክታት ቆመች። በ1908 ሞተች። እስከ መጨረሻው እምነቷን አልለቀቀችም።

በ1960ዎቹ ደግሞ የሚገርም ነገር ሆነ። ናይጄሪያና ጋና ውስጥ ሰዎች የሞርሞን መጻሕፍትን አንብበው፣ ሚስዮናዊ ሳይመጣላቸው የራሳቸውን ጉባኤ አቋቋሙ። ላኩልን እያሉ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ደብዳቤ ጻፉ። ቤተክርስቲያኒቱ ወደ ናይጄሪያ ሰው ለመላክ ብትሞክርም፣ ስለ ጥቁሮች የምታስተምረው በአገሩ ጋዜጣ ሲወጣ መንግሥት ቪዛ ከለከለ። በከለከሏቸው ሰዎች ላይ አልፈርድም።

ግድግዳውን ካነቃነቁት አንዱ የምርምር ሥራ ነው። ሌስተር ቡሽ ታሪክን በትርፍ ጊዜያቸው ያጠኑ ሐኪም ነበሩ። በ1973 ባወጡት ረጅም ጽሑፍ ክልከላው ከጆሴፍ ስሚዝ ለመምጣቱ የዘመኑ ሰነድ እንደማይገኝ አሳዩ። የቤተክርስቲያን መሪዎች አንብበውታል። በዚያው ሰሞን ሳኦ ፓውሎ ላይ ቤተ መቅደስ ይሠራ ነበር። በብራዚል ማን የአፍሪካ ዘር እንዳለው፣ ማን እንደሌለው መለየት የማይቻል ነገር ነው። ገንዘቡን አዋጥተው፣ ጉልበታቸውን ሰጥተው የሠሩት ሰዎች ሲያልቅ ከበሩ ሊመለሱ ነው። ፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምባል ለወራት ጸለዩበት። በጁን 1978 ክህነት ለሁሉም የተገባ ወንድ መፈቀዱ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በናይጄሪያና በጋና እነዚያ የጠበቁት ሰዎች ተጠመቁ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ ወቅት፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባላት በጃንዋሪ 27፣ 1985 ልዩ ጾም ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለተራቡ ወገኖቻችን አዋጡ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ቤተክርስቲያኒቱ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምታደርገው የእርዳታ ሥራ መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰው ይህ ጾም ነው። እንደ ኢትዮጵያዊ ይህን ሳላነሳ ባልፍ ውለታ መርሳት ይሆንብኛል።

ውለታው ግን ጥያቄውን አያስቀረውም። በዲሴምበር 2013 ቤተክርስቲያኒቱ ባወጣችው ጽሑፍ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ወይም የመለኮት ቁጣ ምልክት ነው የሚሉትን የድሮ ትምህርቶች እንደማትቀበል አስታውቃለች። ጥሩ ነው። ሆኖም በ2020 ለሰንበት ትምህርት በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ጥቁር ቆዳን ከእርግማን የሚያያይዝ የድሮ አስተያየት ገብቶ ተገኘ። በቤተክርስቲያኒቱ ሐዋርያት ተብለው ከሚጠሩት ከፍተኛ መሪዎች አንዱ የሆኑት ጋሪ ስቲቨንሰን በጥቁር አሜሪካውያን የመብት ማኅበር መድረክ ላይ ማዘናቸውን ተናገሩ፤ የድረ ገጹ ቅጂም ታረመ። የታተመው ግን በየቤቱ ገብቶ ነበር። በድረ ገጽ ጥግ የተቀመጠ ማስተካከያ መደርደሪያ ላይ ያለውን መጽሐፍ አይደርስበትም።

ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ቤተክርስቲያኒቱን የሚመሩት ዳሊን ኦክስ ናቸው። የሕግ ሰው ናቸው፣ በዳኝነትም አገልግለዋል። በ2018 የ1978ቱ ውሳኔ 40ኛ ዓመት ሲከበር፣ ለክልከላው ይሰጡ የነበሩት ምክንያቶች አንዳቸውም እውነት መሆናቸው በመንፈስ እንዳልተረጋገጠላቸው በግልጽ ተናግረዋል። ውሳኔውን የሰሙ ዕለት ማልቀሳቸውንም አውስተዋል። በ2015 ደግሞ በሌላ ጉዳይ ሲጠየቁ ቤተክርስቲያኒቱ ይቅርታ የመጠየቅ ልማድ እንደሌላት ገልጸው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። ምክንያቶቹ ከእግዚአብሔር ካልነበሩ የጄን ማኒንግ ጄምስ ልመና ለምን እምቢ ተባለ? ለዚህ "አናውቅም" ብቻ መልስ አይሆንም። ይቅርታ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ለሞቱትም ጭምር።

ይቅርታው ቢዘገይ እንኳ ዛሬ ሊደረግ የሚችል ቀላል ነገር አለ። የ2013ቱ እትም ለ1978ቱ አዋጅ አጭር መግቢያ ጨምሮለታል፤ በቤተክርስቲያኒቱ የመጀመሪያ ዓመታት ጥቁሮች ክህነት ይቀበሉ እንደነበርና የክልከላው መነሻ በሰነድ ግልጽ እንዳልሆነ ይናገራል። የአብርሃም መጽሐፍ አንደኛ ምዕራፍ ግን እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ የለውም። የምዕራፉ ርእስ ስለ ግብጽ አጀማመርና አገዛዝ ይነግርህና ያልፋል። የፓፒረሱ ጥያቄ ሲጠነክር መግቢያው ተለውጧል። ስለዚህ መግቢያ መለወጥ አይቻልም ሊባል አይችልም። ለወረቀት የተደረገው ለሰው ለምን አይደረግም?

የአባላቱ ንባብ በአራት ዓመት ዙር ይሄዳል። በ2026 ተራው የብሉይ ኪዳን ነው፤ የሙሴና የአብርሃም መጻሕፍትም አብረው ይነበባሉ። በአክራ፣ በሌጎስና በኪንሻሳ ያሉ ቤተሰቦች ከልጆቻቸው ጋር እነዚያ ቁጥሮች ላይ ይደርሳሉ። "ይህ ቁጥር ጥቁር ሰውን ክህነት ለመከልከል ውሏል፤ ያ ንባብ ስህተት ነበር" የሚል ሁለት መስመር በቁጥሩ ግርጌ መታተም አለበት። በድረ ገጽ ሳይሆን በመጽሐፉ ላይ፣ በአማርኛውም ጭምር።